የወንድሟ ጫማ

ሱቫ ከተማ የምትኖረው ቫሲቲና ዌሊንግተን ከተማ ያለችው ማራኤያ በአካል ተያይተው አያውቁም። ያወዳጃቸው ዶርቫ ስለምትባል የጀልባ ካፒቴን የተጻፈ ልብ ወለድ ነው። በኢንተርኔት እየተጻጻፉ ዶርቫን እንደ ሰፈር ልጅ ያሟታል፣ ያዝኑላታል።

በኋላ ኢሞጀን የምትባል አንባቢ መጣችባቸው። ማራኤያ ነጋ ጠባ ስሟን ታነሳለች። "ኢሞጀን እኮ ዶርቫን ከኛ በላይ ታውቃታለች!" ያለች ቀን ቫሲቲ አንገበገባት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ኢሞጀን መጽሐፉን እንደማታውቀው ልታጋልጣት ቆረጠች። መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር እዚያው ፈጥራ ለሁለቱም ጻፈች፤ "ዶርቫ የሞተ ወንድሟን ጫማ አሸዋ ውስጥ የቀበረችበት ቦታ ትዝ ይላችኋል?"

"እንዴት ይረሳል!" አለች ኢሞጀን ወዲያው። "አንዱን ብቻ ነው እኮ የቀበረችው፤ ግራውን።"

ቫሲቲ በደስታ ዘለለች። "አየሽ ማራዬ? ውሸታም ናት! እንዲህ የሚል ነገር የለም።"

"አንቺ ልጅ፣ ቅናት አሳበደሽ እንዴ?" አለች ማራኤያ። "ራስሽ በስልክ እያለቀስሽ ያነበብሽልኝን የለም ትያለሽ?"

ቫሲቲ ከንባብ ብዛት ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፏን አንስታ በንዴት ታገላብጥ ጀመር። መሀል ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ገጹ ውስጥ ዶርቫ አሸዋው ላይ ተንበርክካለች፤ ግራ ጫማውን ይዛለች። ከጽሑፉ ጎን፣ በደበዘዘ እርሳስ፣ በቫሲቲ በራሷ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤

"ኢሞጀን ይህን ቦታ ትወደዋለች።"