ለተራራ የሚሆን ሰው

«መኪናህ ተበላሽታ ነው እንዴ ሦስት ቀን ሙሉ በእግር የምትሄዱት?» አሉ ጋሽ ደጀኔ።

«ኧረ ደህና ናት ጋሼ! ለመዝናናት ነው» አለ የልጃቸው የሐመልማል እጮኛ። ሰኞ በዓል ስለሆነ ከቅዳሜ ጀምሮ የባሌን ተራሮች ጠዋት እየወጡ፣ ማታ ወደ ማረፊያቸው እየተመለሱ ሊያዩ አስበዋል። አባትየው ካልፈቀዱ ግን ሐመልማል ከደጅ አታልፍም።

«እንግዲያው እኔም አብሬ እሄዳለሁ» ብለው፣ በእሳቸውና በእጮኛው መሀል የተጋደመውን ውሻቸውን ቡቺን ወደ እንግዳው እግር ገፋ አድርገው ካልሲያቸውን አወለቁ። ግማቱ ቤቱን ሞላው። የተሰነጠቀ ተረከዛቸውን በቅባት እያሹ፣ የተነሣውን ቆዳ በጥፍራቸው እየላጡ ይጥሉ ጀመር። ምስኪኑ እጮኛ በስልኩ የተራራውን መንገድ እያሳየ ትንፋሹን ያዘ። እሳቸው በዚያው እጃቸው ሳህን ስበው የትናንቱን ፍትፍት አሹና ጠቀለሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ እሱ በኩል ዘረጉ።

ጉርሻውንና ጥፍራቸውን አየ። የአማትን ጉርሻ እምቢ ማለት ግን ልጅቷን እምቢ ማለት ነው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጎንበስ ብሎ ጎረሰ። ቅባቱ ጉሮሮው ላይ እየተንሸራተተ፣ እንባው እየመጣ «እጅዎ ይባረክ» አለ።

ጥግ ተቀምጣ የነበረችው ሐመልማል አፏን በመዳፏ ያዘች። ቡቺ ተነሥቶ ጭራውን እየቆላ ባዶውን እጅ አሸተተ።

ጋሽ ደጀኔ ካልሲያቸውን መልሰው አጠለቁ።

«በሉ ብቻችሁን ሂዱ» አሉ፤ «የቡቺን ምሳ የበላ ሰው ተራራ አያቅተውም።»