የግንበኛው ሲባጎ

ግንበኛው ዲጅኖውን ለሦስተኛ ጊዜ ቢያሳርፍበትም ግንቡ ንቅንቅ አላለም። ወታደሮቹ ከቀን ሠራተኞች መቆሚያ አፍሰው እንዲያፈርስ ሲያመጡት፣ ትናንት ከሰዓት ለካርቱም ዴም ሠፈር ሰልፈኞች መንገዱን በዚህ ግንብ የዘጋላቸው እሱ መሆኑን አላወቁም። ጡቦቹ ሁሉ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። የሽግግር መንግሥቱ መመሪያ የመንግሥት ንብረት የሆነ ጡብ ከመንገዱ እንዳይርቅ ስለሚያዝ፣ በየማለዳው ፈርሰው፣ ተቆጥረው፣ እዚያው ዳር ይከመራሉ። ሰልፈኞቹም ከዚያው አንስተው ይገነቡባቸዋል።

ጡቦቹን የሚቆጥረው መኮንን መዝገቡን ዘግቶ ቀረበ። የሌላው መንገድ መዝጊያ በእርግጫ ነበር የሚፈርሰው። ይኼኛው ግን ያለ ሲሚንቶ፣ ጡቡ እየተጠላለፈ፣ ውሃ ልኩን ጠብቆ ቆሟል። ግንበኛው እጁን ረገመ፤ እንደ ሰው ዝም ብሎ መከመር እምቢ ያለው ይኸው እጅ ነው። መኮንኑ ጎንበስ ብሎ ከታችኛው ረድፍ ሥር የተረሳ ቁራጭ ሲባጎ መዘዘ። ቀና ሲል ዓይኑ በግንበኛው ኪስ ላይ አረፈ፤ የዚያው ሲባጎ ጫፍ ተንጠልጥሎ ይታያል።

«ያ ሀበሺ» አለው መኮንኑ በዓረብኛ፣ «ያንተ ሥራ ነው?»

«ወላሂ ጌታዬ» አለ ግንበኛው፣ «ጠማማ መሥራት አልችልበትም።»

መኮንኑ ወታደሮቹ ወደቆሙበት ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ሲባጎውን በጣቱ ጠቅልሎ ጠቅልሎ የግንበኛው ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ነገ አንድ ረድፍ ጨምርበት» አለው በጆሮው። «ልጄ ከኋላው ነው የምትቆመው።»