በራሱ የሚልከው ላፕቶፕ

"እጅሽ ነው እንጂ ማሽኑ ምን አጠፋ?"

ዳይሬክተሩ ይህን ያላት መምህራን ሁሉ በተሰበሰቡበት ነው...

ጸሐፊዋ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

በዚያ ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን ስሟ በክፉ ተነስቶ አያውቅም።

የሆነው ምን መሰላችሁ?

ክፍል ሊደግሙ የሚችሉ የሠላሳ አንድ ተማሪዎችን ስም ለዳይሬክተሩ ልትልክ እየጻፈች ነበር።

አዲሶቹ ላፕቶፖች ደግሞ ከኪቦርዱ በታች ያለው፣ በማውስ ፈንታ በጣት የሚነካው ታችፓዳቸው ትሪ ያክላል። ሰው ሲጽፍ መዳፉን የት ያሳርፍ? ገና ሲነካ ክሊክ ይላል...

መዳፏ ነካው። የተቀባዩ ምርጫ ከ"ዳይሬክተር" ወደ "ሁሉም ወላጆች" ዘለለ። መልእክቱም ሄደ።

መምህራኑ በዚህ ታችፓድ ሲያማርሩ ነው የከረሙት። ግን ላፕቶፖቹን የመረጠው ዳይሬክተሩ ራሱ ነው። ማሽኑ ጥፋተኛ ከተባለ እሱም ሊጠየቅ ነው...

ስለዚህ ጥፋቱን እሷ ላይ ላከከው።

የትምህርት ቤቱን ባለቤት ሁሉም እትዬ ነው የሚሏቸው። እሳቸው ዘንድ ገብቶ "ሆን ብላ ነው የላከችው" አላቸው።

ጸሐፊዋ ማሽኑ ነው የላከው ብትላቸውም፣ እናቶች በር ላይ ቆመው እያለቀሱ ነበርና እትዬ እሱን አመኑት። የስንብት ደብዳቤ ተሰጣት።

ሥራስ ቢያጡት ይገኛል... "ሕፃናትን ሆን ብላ አዋረደች" የተባለችን ጸሐፊ ግን የትኛው ትምህርት ቤት ደፍሮ ይቀጥራል?

ላፕቶፑን አስረከበች። አዲስ ጸሐፊ እስኪቀጠር ዳይሬክተሩ ራሱ ሊጽፍበት ወሰደው። እስከዚያ ቀን የሚጽፍለት ሰው ነበረው እንጂ እሱ ጽፎ አያውቅም።

ሦስት ሳምንት አልሞላም...

አንድ ከሰዓት በኋላ ለጓደኛው ሊጽፍ ተቀመጠ። እንደ ዶሮ በሁለት ጣት እየለቀመ፣ ዓይኑን ኪቦርዱ ላይ ተክሎ፣ መዳፉን ታችፓዱ ላይ አሳርፎ...

"ማሽኑ ችግር እንዳለበት አውቃለሁ። ይህን ባምን ኖሮ ግን የምባረረው እኔ ነበርኩ። ባለቤቷን ሴትዮ ጥፋቱ የጸሐፊዋ ነው ብዬ አሳመንኳት። የነገርኳትን ሁሉ ታምናለች" ብሎ ጻፈ።

ቀና ሲል መልእክቱ የለም። ሄዷል።

ለጓደኛው መሰላችሁ? ለስድስት መቶ ወላጆች...

እትዬም የልጅ ልጃቸው እዚያው ስለሚማር ስልካቸው ላይ ደረሳቸው።

በነጋታው አስጠሩት። ላብ በላብ ሆኖ፣ በስህተት ነው፣ ማሽኑ በራሱ ነው የላከው እያለ ማለ ተገዘተ።

እትዬ እስኪጨርስ ሰሙት።

"ይህንኑ ነገር ከአንዲት ልጅ ሰምቼ፣ ሳላምናት አባረርኳት። አንተን ግን አምኜህ ነው የማባርርህ።"

ከዚያ ጸሐፊዋ ቤት ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቋት። ስሟን የሚያጠራ ደብዳቤም ለወላጆች ሁሉ ላኩ።

ሰዉ "ፈጣሪ ፈረደላት" አለ። እሷም አሜን አለች።

ግን ለእህቷ ብቻ የነገረቻት ነገር አለ...

ስህተቱ በተፈጠረ ማግስት ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ሄዳ ነበር። ታችፓዱ ሲነካ ክሊክ የሚያደርገው ሴቲንግ የት እንዳለ አሳያት፤ አጠፋችው። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ በግ ሆነ።

ልታስረክብ ስትል ግን ቢሮዋን ዘግታ ሴቲንጉን መልሳ አበራችው።

"አውቀሽ?" አለቻት እህቷ ደንግጣ።

"አውቄ ነዋ። እንከን የለውም አላለም? እንደሰጠኝ መለስኩለት።"

"ትንሽ እንኳን አልጸጸተሽም?"

"ደስ ነው ያለኝ። እንደዚያን ቀን እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።"

ቤተሰብ... የበታችህን አቤቱታ ሰበብ ነው ብለህ አትግፋው። ነገ ያው ችግር አንተ ላይ ሲደርስ የሚያምንህ ታጣለህ። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባል የለ?

እስቲ ሳትዋሹ ንገሩኝ... እናንተ ብትሆኑ ሴቲንጉን እንዳጠፋችሁት ታስረክቡት ነበር ወይስ እንደ እሷ ታበሩት ነበር?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ስትጽፉ ግን መዳፋችሁን አደራ።