የጠረጴዛው አራተኛ እግር

«ኮትህን ፈትሸሃል?» ብላ ጮኸች አዋላጇ ከወጥ ቤት።

«ፈትሻለሁ።»

«የውስጥ ኪሱንስ?»

«እሱንም።»

«እንግዲያው ዋጥከው ማለት ነው!»

ባሏ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች እንደገና ማገላበጥ ያዘ። ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ ነገር ዓለሙን ትቶ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ከጀመረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ለእያንዳንዱ ትርጉም አንድ ካርድ ይጽፋል። ካርዶቹ የምግብ ጠረጴዛውን ከወረሱት ወዲህ ባልና ሚስት ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እሱ ከካርዶቹ ጥግ፣ እሷ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ነው የሚበሉት። ጎረቤት «ጋሽ ካርድ» ይለዋል። እሷ በሠላሳ ዓመት የአዋላጅነት ሥራዋ ስንት ግትር ሕፃን አውጥታለች፤ ዘጠኝ ዓመት ተረግዞ አልወጣም ያለ ግን ይሄ መጽሐፍ ብቻ ነው።

ዛሬ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የማተሚያ ቤቱ ሾፌር መጥቶ የመጨረሻውን ሳጥን ይወስዳል። ሳጥኑ ሞልቶ የቀረው አንድ ካርድ ነው። «ቴብል» ከሚለው ቃል ዘጠኝ ትርጉሞች ስምንቱ ተሰልፈዋል፤ የቁጥር ሰንጠረዡ፣ ማባዣው፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍታ፣ የከበረ ድንጋይ ጠፍጣፋ ፊት እንኳ አልቀረም። የጠፋው ቁጥር አንድ ነው፦ ሰው የሚበላበት ጠረጴዛ።

«እስቲ አሁን ይሄ ይጠፋል?» አለች እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «የድንጋዩን ፊት አግኝተህ፣ ክርንህን ያስደገፍክበትን ዕቃ አጣኸው?»

«ትርጉሙ አልጠፋኝም። የጠፋኝ ምሳሌው ዓረፍተ ነገር ነው።»

«ሌላ ጻፋ! ‹ጠረጴዛው ቡናማ ነው› በልና ገላግለን!»

«እሱ ምሳሌ አይደለም፤ ስድብ ነው። ደግሞ አትቸኩይ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

«ዘጠኝ ዓመት ነው ችኮላ?»

በጣቷ ወደ በሩ ጠቆመች። በሩ አጠገብ ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ጠዋት ሻንጣውን እዚያ ስታስቀምጥ «ዛሬ ሳጥኑ ከዚህ ቤት ካልወጣ፣ እኔ እወጣለሁ፤ እህቴ ጋ ሄጄ እኖራለሁ» ብላዋለች። የቀልዷን አልነበረም። ይሄ የማተሚያ ቤት ተራ ካለፈ ቀጣዩ የዛሬ ዓመት ነው። እሷ ደግሞ ባለፈው ወር ጡረታ የወጣችው ከባሏ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ልትበላ እንጂ የካርድ ዘበኛ ልትሆን አልነበረም።

ውጭ ክላክስ ጮኸ። ሾፌሩ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ዕቃህን በቦታው ብታስቀምጥ ምን ነበረበት! እንዲህ ዝርክርክ ሆነህ ነው የሰው ልጅ ስታስተምር የኖርከው?» እያለች ጉልበቷን እንደምንም አጥፋ ጠረጴዛው ሥር ገባች።

እዚያም አየችው። አራተኛው እግር ሥር፣ አራት ቦታ የታጠፈ፣ በመወልወያ ውሃ የጠቆረ ወረቀት።

ክው አለች። ያኔ፣ መጽሐፉ በተጀመረ ሰሞን፣ ጠረጴዛው እየተንገዳገደ ሲያስቸግረው አይታ ከዳር አንድ ወረቀት አንስታ የሸጎጠችው እሷ ራሷ ናት። ካርዱን ከቁራጭ ወረቀት መለየት ገና አልለመደችም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ስታወርድበት የዋለችው ስድብ ሁሉ ጆሮዋ ላይ አቃጨለ። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። አፈረች፤ ከማፈሯም በላይ ተናደደች።

«አንሳው!» አለች።

«ምኑን?»

«ጠረጴዛውን አንሳው አልኩህ! የሸጎጥኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ቃል እንዳትናገር!»

አነሳው። ወረቀቱን ስባ ዘረጋችው። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ቢሆንም ይነበባል። «ምሳሌ፦ ከሌሊት ሥራ ስትመለስ ገበታው ቀርቦ ይጠብቃት ነበር።»

«ማንን ነው የሚጠብቃት?» አለች ከመሬት ሳትነሳ።

«አንቺን ነዋ። የተጋባን ሰሞን።»

ትዝ አላት። እንቁላሉ ሁልጊዜ ያረረ፣ ሻዩ የቀዘቀዘ ነበር፤ እሱ ደግሞ እንቅልፍ እያንጎላጀው ፊት ለፊቷ ይቀመጥ ነበር።

«ከዚያማ መጽሐፉን ጀመርክና ገበታውን ራሱን በላኸው» አለችው።

መምህሩ አንገቱን ደፋ። ዓረፍተ ነገሩን አዲስ ካርድ ላይ ገልብጦ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው። ሾፌሩ ሳጥኑን ተሸክሞ ወጣ፤ የመኪናው ድምፅ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

ጠረጴዛው ባዶውን ሲታይ ሌላ ዕቃ ይመስላል። መምህሩ እጁን የሚያሳርፍበት ጠፍቶት ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወጥ ቤት ገባና ሁለት ሳህን ሾርባና አንድ ድፎ ዳቦ ይዞ መጣ። ፊት ለፊት ተቀመጡ። ክርኑን ከማሳረፉ ጠረጴዛው ተንጋደደ፤ የእሷ ሾርባ ፈሰሰ።

«ቆይ፣ ወረቀት ልፈልግ» ብሎ ብድግ አለ።

አሮጌው ካርድ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነበር። ኪሱን በእጇ ሸፈነችው።

«ተቀመጥ!»

«ይፈሳል እኮ።»

«ተቀመጥ አልኩህ! ዳግመኛ ወረቀት ፍለጋ ከዚህ ገበታ ብትነሳ ውርድ ከራሴ። በዚያ በኩል በክንድህ ያዘው፤ እኔ በዚህ በኩል እይዘዋለሁ።»

ያዘ። ያዘች። ጠረጴዛው ቀጥ አለ። ለመብላት የቀራቸው አንድ አንድ እጅ ነው፤ በአንድ እጅ ደግሞ ዳቦ አይቆረስም። ስለዚህ እሱ ዳቦውን ያዘላት፣ እሷ ቆረሰች።