ጨርቁ ከወጣ በኋላ

«ቤተሰብ ይዤያለሁ!» አለ ዳኺል፣ ከአሮጌው መኪናው ሳይወርድ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

በኢራቋ በስራ ከተማ፣ ጋራዦች ሰፈር ይህ ይበቃል፤ ኋላ ወንበር ላይ ሴት ተቀምጣለች ማለት ነው። ጎማ የሚነቅለውም፣ ብረት የሚበይደውም ወዲያው ጀርባውን ሰጠ። የግቢው ባለቤት፣ በሙያው «ኡስታ» የሚባለው ሚዝሂር፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ መጣ።

«ጥላው ሥር አስገባት፣ ወንድሜ። አፍንጫዋን ወደ ግድግዳው። ምን ሆነች?»

«ኤሲው ይቀዘቅዛል፣ ግን አይነፍስም። እፍ ይላል እንጂ ነፋስ የለውም።»

ዳኺል ጭንቅ ላይ ነው። ሚስቱ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ገና ከሰፈር ሳይወጡ ሙቀቱ ራሷን አስቷታል። ናሲሪያ ከተማ እናቷ ዘንድ እንድትወልድ ሊያደርሳት ነው፤ መንገዱ ደግሞ የሐምሌ በረሃ ነው። እዚያ መሀል ብትወድቅበት ምን ይውጠዋል?

የኤሲው ማራገቢያ በወጉ የሚታየው ከውስጥ፣ ከፊት ወንበር ሥር ተንጋልለው ነው። ሴት ያለችበት መኪና ውስጥ ግን ባዕድ ወንድ አንገቱን አያስገባም። ውረጂ ማለትም አይታሰብም፤ ወርዳ የት ልትቀመጥ? ስለዚህ ኡስታ ሚዝሂር ኮፈኑን ከፍቶ ከውጭ ጀመረ። የፊት መስታወቱ ሥር አየር የሚገባበትን ወንፊት አነሳና እጁን እስከ ክርኑ ሰደደ።

«ኧረ ዳኺል!»

«አቤት ኡስታ።»

«ይቺን ምስኪን ማነው እንዲህ ያፈናት?» እየጎተተ አንድ ሙሉ አሮጌ ጀለቢያ ከጉድጓዱ አወጣ።

ዳኺል አፍሮ ሳቀ። «የአምናው የአቧራ ጊዜ... እኔው ነኝ የወተፍኩት። በቃ ረሳሁት።»

«አፍንጫዋን ጠቅጥቀህ ተንፍሺ ትላታለህ? ግድ የለም፣ ይህን ያላደረገ የበስራ ሰው የለም። ጨርቁን ያስታወሰም አላየሁ።»

ሞተሩ ሲነሳ ነፋሱ መኪናው ውስጥ ጓ ብሎ ገባ። የሚስቱ ዓባያ ጫፍ ተርገበገበ። ከኒቃቧ በላይ ዓይኖቿ ሲስቁ ዳኺል አየ፤ ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ አላያትም ነበር፣ እንባው መጣ። «ዝጋው፣ ቅዝቃዜው ይወጣብኛል» አለችው። መስታወቱን ዘጋላት።

ኡስታው ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘነበለ። «ጭስ ማውጫህ ደግሞ እዚሁ ሥሩ ላይ ተሰንጥቋል። ጥስ ጥስ ሲል ይሰማሃል? ስትመለስ እንበይደዋለን።»

«ስመለስ» አለ ዳኺል። ነፋሱን አገኘ፤ ስለ ጭስ የሚያስብበት ልብ አልነበረውም።

ምሳ ደረሰ፤ ሩዝና ባሚያ በትልቅ ትሪ። ዳኺል መንገድ አለብኝ ብሎ ቢለምን ማን ሰምቶት።

«ያለ ምሳ ከግቢዬ ልትወጣ? በሞቴ! ቁጭ በል» አለ ኡስታው። «ሞተሩን አታጥፋው፣ ቤተሰብህ በብርድ ትረፍ።»

ሁሉም ለመኪናው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። እዚያ ትሪ ዙሪያ አንድም ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያበግነውም ይኸው ነው። ዳኺል አንዴ ዞር ብሎ አየ። ራሷን መስታወቱ ላይ አስደግፋለች።

«ተኛች» አለ ደስ ብሎት። «በዚህ ሙቀት እንቅልፍ ካየች ሰንብታለች።»

«ተዋት ትተኛ። አንተም ቀስ ብለህ ብላ፣ በሞቴ ይቺን።»

በሉ። ሻይ መጣ። ኡስታው በሻይ ላይ የሙቀቱን ነገር፣ የመብራት መጥፋቱን ነገር እያነሳ ቀለደ፣ ሰዎቹም ሳቁ። ከዚያ እጁን ሊጠርግ ያንን አሮጌ ጀለቢያ ከመሬት አነሳና ቆም አለ። የበስራ አቧራ ቢጫ ነው። በሞተሩ በኩል የነበረው የጨርቁ ፊት ግን ከሰል የመሰለ ጥቁር ነበር፤ ጣት ላይ ይጣበቃል። አሸተተው።

«ዳኺል» አለ በቀስታ። «ይሄ ጨርቅ ጭሱን ይዞልህ ነበር።»

«የምን ጭስ?»

«ከስንጥቁ የሚወጣውን ነዋ። አሁን ነፋሱ እየሳበ ወደ ውስጥ...» ቃሉን አልጨረሰም። ያኔም ቢሆን ፊቱን ወደ መኪናው አላዞረም። «ሂድ። በሩን ክፈት። ሂድ!»

ዳኺል የሻይ ብርጭቆውን የት እንደጣለው አያውቅም። በሩን ሳበው፤ አራቱም በሮች ከውስጥ ተቆልፈዋል። ወንዶች የበዙበት ቦታ ስትቀመጥ ሁልጊዜ ትቆልፋለች። ቁልፉ ውስጥ፣ የሞተሩ ማስነሻ ላይ ነው። መስታወቱን በመዳፉ ደበደበ፤ ጉንጯ መስታወቱ ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። ከኋላው አንድ ክንድ ተዘረጋ፤ ኡስታው ነው፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ መዶሻ ያቀብለዋል።

«ሸዝራ!» ብሎ ጮኸ ዳኺል።

በዚያ አገር ወንድ የሚስቱን ስም ባዕድ ፊት አይጠራም። ሰዎቹ ደንግጠው ይበልጥ አቀረቀሩ።

«ሸዝራ! ኧረ ሰዎች ዙሩ! ዙሩና እርዱኝ!»

የፊተኛውን በር መስታወት ሰበረው። ቀዝቃዛ፣ ጭስ ጭስ የሚል አየር ፊቱን መታው። እጁን አስገብቶ የኋላውን በር ሲከፍት ሸዝራ ተንሸራታ ክንዱ ላይ ወደቀች፤ ዓባያዋም ኒቃቧም ከራሷ ላይ ወረደ። አሁን ሁሉም ዞረዋል፣ ጎማ ነቃዩም፣ በያጁም፣ ኡስታ ሚዝሂርም። ሁሉም ፊቷን እያዩት ነው።

እጇን አንስታ አልሸፈነችውም።