የታሰረ አፍ

ቢሻሮ የቆርቆሮውን በር በድንጋይ ስትቀጠቅጠው መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያት ነበር። በግራ እጇ በያዘችው ገመድ ጫፍ ግመሏ አንገቷን አስግጋ ትጮሃለች፤ ከጠዋት ጀምራ አላቋረጠችም። አጠገባቸው የቆመው ፖሊስ ፋኑኤል ኮፍያውን አውልቆ ላቡን ጠረገ። ጅጅጋ ከተመደበ ገና አራት ወሩ ነው፤ የግመል ክስ ሲደርሰው ይኼ የመጀመሪያው ነው።

በሩ ገርበብ አለና አብሽር ብቅ አለ። የወንድሟ ልጅ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ ቤቷ ገብቶ፣ "ኤዶ፣ የአክስት እጅ ወተት እኮ ይለያል" እያለ ሁለት ኩባያ የጨለጠው እሱ ነው። ዛሬ ንጋት ላይ ከበረቷ ግልገሉ ጠፋ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ደግሞ አብሽር በፒክአፑ ግልገል ጭኖ እዚህ ግቢ ሲገባ አይቶታል።

"ግልገሌን አምጣ" አለችው። ፖሊሱ እንዲሰማ ብላ በአማርኛ ነው የተናገረችው።

"ወላሂ ኤዶ፣ አላየሁም" አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። "እዚህ ያሉት ሁሉ የገዛኋቸው ናቸው። ያንቺው ምን ምልክት አለው? ንገሪኝና እኔው አወጣልሻለሁ። ያለ ፍርድ ቤት ወረቀት ግን ማንም ግቢዬ አይገባም።"

የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ! ግልገሉ ገና ሁለት ወሩ መሆኑን፣ የጎሳው ምልክት እንዳልተተኮሰበት ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ደሟ ፈላ። ድርቁ ከስድስት ግመሎቿ ያስቀረላት ይህችን አንዷን ነው። ግልገሏን ያጣች ግመል ደግሞ ወተቷን ትቋጥራለች፤ ዛሬ ብትለምናት፣ ብትደባብሳት ጠብታ አልሰጠቻትም። ከሰዓት በኋላ፣ ከአሱር ሶላት በፊት፣ አብሽር የተከራየው የጭነት መኪና መጥቶ ግልገሉን ከወሰደው የቢሻሮ ቤት ከዛሬ ጀምሮ ጦሙን ያድራል።

"ምልክት ከሌለው በምን ይለያል፣ እናቴ?" አለ ፋኑኤል።

"በድምፁ።"

አብሽር ሳቀ። "ከዚሁ ሆነህ ስማቸው፣ ጌታዬ። አርባ ግልገል ነው፣ አርባውም ይጮሃል። የትኛው ነው 'ቢሻሮ' እያለ የሚጣራው?"

ሳቁ አንገበገባት። ግመሏ እንደገና ጮኸች፤ ከቆርቆሮው ወዲያ ግልገሎቹ ተንጫጩ። ግመሏ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለቻቸው። ፊቷን እንኳ አላዞረችም።

"አየህ? የእሷ የለም" አለ አብሽር።

ቢሻሮ ግን ታውቃለች፤ የእናቱን ድምፅ ሰምቶ ዝም የሚል ግልገል የለም። ወይ ሞቷል፣ ወይ አፉን ታስሯል። ለሞተ ግልገል ደግሞ ማንም መኪና አይከራይም። እንዲህ ስታስብ አብሽርን ቀና ብላ አየችው። ከተማ ተወልዶ ከተማ ያደገ፣ ከግመል ዋጋዋን ብቻ የሚያውቅ ልጅ!

"ያን ባጃጅ አጥፋው!" ብላ ጮኸች። መንገዱ ዳር ቆሞ የሚያየው ሾፌር ደንግጦ ሞተሩን አጠፋ። "እናንተም ዝም በሉ!" መንገዱ ጸጥ አለ። የግመሏን አንገት ቀስ እያለች አሸችላት፤ ግመሏም ጩኸቷን ትታ፣ አፏን ገጥማ፣ ግልገሏ ጎኗ ሲተኛ እንደምታደርገው ከጉሮሮዋ ታጉረመርም ጀመር።

"ጆሮህን ቆርቆሮው ላይ ለጥፍ፣ ልጄ።"

ፋኑኤል ለጠፈ። መጀመሪያ ምንም አልሰማም። ቆይቶ ከግቢው ጥግ፣ ከመጋዘኑ በኩል፣ ቀጭን የታፈነ "እምምም" መጣ። የግመሏ ጆሮዎች ቀጥ አሉ። ማንም ሳይነካት ወተቷ አቧራው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

"ጠዋት ሙሉ እኔን የከለከለችውን ለማን እየሰጠች ይመስልሃል?" አለችው ፖሊሱን። ከዚያ ወደ አብሽር ዞረች። "አፉን አሰርከው! አባትህ ከግመል ጋር አርጅቶ፣ አንተ ግመል በአፉ ብቻ የሚናገር መሰለህ? ወተቷን ጠጥተህ ልጇን አፈንክ!"

 ፋኑኤል አብሽርን በትከሻው ገፋ አድርጎት ገባ፤ ቢሻሮ ግመሏን እየሳበች ተከተለችው።

መጋዘኑ ውስጥ ግልገሉ አፉ በሲባጎ ተጠፍንጎ፣ ሸራ ለብሶ ተንበርክኳል። ሲባጎው ከንፈሩን በልቶታል። ፈታችው። እየተንገዳገደ ወጥቶ እናቱ ሥር ገባ።

"ይኸው አገኙት እናቴ፣ አሁን ይረጋጉ" አለ ፋኑኤል።

"ኤዶ፣ የአንድ ቤት ሰዎች ነን" አለ አብሽር ከኋላ ፈጠን ብሎ። "ነገሩን ሽማግሌዎቹ ይጨርሱታል።"

አልመለሰችለትም። የሸራውን ጫፍ ይዛ እስከ መጨረሻው ገፈፈችው። ሌሎች አምስት ግልገሎች ነበሩ፤ አምስቱም አፋቸው ታስሯል። እነሱ ማጉረምረሙንም ትተውታል።

"እነዚህስ የማን ናቸው?" አለ ፋኑኤል። ድምፁ ተለውጧል።

"እኔን አትጠይቀኝ።" ተንበርክካ የመጀመሪያውን ፈታች፤ ሁለተኛውን ፈታች።  ሦስተኛው ቋጠሮ እምቢ ሲላት በጥርሷ በጠሰችው። አምስተኛው ሲፈታ መጋዘኑ በጩኸት ተሞላ።

"ተይ ኤዶ፣ ሰፈሩ ይሰማል!" አለ አብሽር።

ቢሻሮ ሄዳ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከጎረቤቶቹ በረት የእሾህ አጥር ወዲያ፣ አንዲት ግመል መለሰች። ቀጥሎ ሌላ።