የመጨረሻው ረድፍ

«ሰባ ሁለት፣ ዜሮ ሦስት፣ ዘጠኝ» አለ አባት፣ ስልኩን ከዓይኑ አርቆ ይዞ። «ገጠመ?»

«ገጠመ» አለች ልጁ ከሩቅ አገር። «አባዬ ሙት፣ እኔ መሆኔን ድምፄ አይነግርህም?»

«አስመሳይ ሞልቷል። ቀጥይ፣ ያንቺ ተራ ነው።»

ትናንት አዲስ ስልክ ገዝታለች። የሚላላኩበት መተግበሪያ መልእክታቸውን የሚቆልፈው በየስልካቸው ውስጥ ብቻ በሚቀመጥ የግል ቁልፍ ነው፤ ስልክ ሲቀየር ቁልፉም ይቀየራል። ያኔ በሁለቱም ስልክ ላይ ረጅም ቁጥር ይወጣል። የሁለቱ ስልክ ቁጥር ተመሳሳይ ከሆነ በመሃል ጆሮ የጣለ የለም ማለት ነው። ሌላው ሰው ይህን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። እሱ ግን ጡረታ እስኪወጣ የባንክ ካዝና ቁልፍ ያዥ ነበር። ባልደረቦቹ «ካዝናው» ይሉት የነበረው ለቁልፉ ብቻ አይደለም፤ ለአፉም ጭምር ነው።

ቁጥሩ ሳይመሳከር ለመልእክቷ መልስ አልሰጥም ብሎ ድርቅ አለ። መልእክቷ አጭር ናት፦ «አባዬ፣ ልምጣ?»

እናቷ ስትቀበር አልደረሰችም። ያኔ በንዴት «ከእንግዲህ ብትመጪም ባትመጪም ለኔ አንድ ነው» ብሏት ነበር። ንዴቱ ከበረደ ቆይቷል። ቃሉን የሚያጥፍበት አፍ ግን አጣ፤ ናፍቆቷም አንጀቱን እየበላው ከረመ።

«አርባ አንድ... ስድስት... ዜሮ ስምንት...»

የከሰዓት ፀሐይ በመጋረጃው ሥር ሾልካ አልጋው ላይ ተዘርግታለች። ስልኩን ትራሱ ላይ አስቀምጦ አጠገቡ ጋደም አለ። ድምጿ ቁርጥ እናቷን ነው፤ «ስምንት» ስትል እንኳ እንደ እሷ ሳብ ታደርገዋለች። ዓይኑ ተከደነ። ግድግዳው ቀስ እያለ ራቀ፣ አልጋው ከወለሉ ብድግ ያለ መሰለው። ሚስቱ እግርጌው ተቀምጣ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ትቆጥራለች፤ ልጅቱም ገና ድክ ድክ የምትል ሆና ከጉልበቷ ሥር አብራ ትቆጥራለች። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልሄደም። ምነው ቁጥሩ ባላለቀ፣ አለ በሆዱ።

«አባዬ! ተኛህ እንዴ? አንድ ረድፍ ብቻ ነው የቀረን።»

ባነነና መነጽሩን ፈለገ። «እሺ፣ አንብቢው።»

«ሰማንያ ሁለት፣ አርባ አምስት፣ ሦስት። ገጠመ?»

ቁጥሩ ዓይኑ ሥር ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል፤ አንድም የተዛነፈ የለም።

«አልገጠመም» አለ።

«እንዴት? እስቲ ያንተን አንብብልኝ።»

«ሰማንያ ሁለት» አለ ቀስ ብሎ፣ «አርባ አምስት፣ ሦስት።»

«አባዬ፣ ይሄማ...» ብላ ጀምራ ተወችው።

«በሩቅ አይሆንም» አለ። «ሁለቱን ስልክ ጎን ለጎን አድርጎ ማስተያየት ይቻላል ይላል መተግበሪያው። እዚሁ መጥተሽ እናየዋለን።»

ከወዲያ በኩል ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«እውነትህን ነው» አለች። «እኔም ጋ አልገጠመም። ቅዳሜ እደርሳለሁ።»

«እስከዚያ ደግሞ ሌላ ስልክ እንዳትቀይሪ» አለ፣ እንባው ወደ ትራሱ እየወረደ።